ወንዱን ማን ጠየቀው

በ2004 ዓ.ም. ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነርስ ነበርኩ። ቋሚ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚሠራው ቡድን ከባሕር ዳር በወር አንድ ጊዜ ይመጣልን ነበር፤ ሐኪሙ፣ አንዲት የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስና ሹፌሩ፣ በአውቶክሌቭ ጸድቶ የታሸገ ዕቃ ከሞላባቸው ሣጥኖች ጋር። እኛ ከዋዜማው ጀምረን ከማዋለጃው ጎን ያለችውን ክፍል በበረኪና እናጥባለን፣ መስኮቷን በአቡጀዲ እንጋርዳለን፣ ሴቶቹ ገላቸውን ታጥበው እህል ሳይቀምሱ እንዲመጡ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በኩል መልእክት እንሰዳለን። ሲነጋ ነጠላቸውን ተከናንበው በግድግዳው ጥግ ተደርድረው እናገኛቸዋለን፤ አንዳንዷ ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ፣ አንዳንዷ የሚጠባ ልጅ አዝላ።

የእኔ ሥራ ከሴቲቱ ራስጌ መቆም ነበር። በእንዲያ ያለ ጤና ጣቢያ ሙሉ ማደንዘዣ የለም። የሕመም ማስታገሻና ማረጋጊያ በደም ሥር ይሰጥና ሆዷ በሊዶኬይን ይደነዝዛል፤ ሴቲቱ ግን ነቅታ ነው የምትቆየው። ስለዚህ እጇን ይዞ የሚያጫውታት ሰው ያስፈልጋል፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ መጪው ሠርግ። ከእነዚያ ሁሉ አንዷን እስከ ዛሬ አልረሳትም። ስምንት ወልዳ ስድስት ያሳደገች ናት። ነርሷ ማህፀኑን ከሥር ወደ ላይ ገፋ የሚያደርገውን ብረት በብልቷ በኩል አስገባች። ሐኪሙ ከፀጉሩ መነሻ ትንሽ ከፍ ብሎ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቀደደ። ቆዳው ሲቀደድ ትንፍሽ አላለችም። እንቁላል የሚያልፍበትን ቱቦ በመንጠቆ ፈልጎ ወደ ውጭ ሲስበው ግን ፊቷን ላብ አጠመቀው፣ ከንፈሯ ነጣ፣ ጣቶቼን እስኪደነዝዙ ድረስ ጨበጠች። «ሲስተር፣ አንጀቴን እየጎተተው ነው» አለችኝ። «አንጀትሽ አይደለም እህቴ፣ ቱቦው ነው፤ አሁን ያልቃል፤ በረጅሙ ተንፍሺ» እያልኩ ግንባሯን ጠረግሁላት። ሐኪሙ ቱቦውን እስከ ጫፉ፣ ዘርፍ እስከሚመስለው ድረስ ተከትሎ አየ። ያ ጫፍ ካልታየ በቱቦው ፈንታ ሌላ ጅማት ቋጥሮ መመለስ አለ። ከዚያ መካከሉን አጥፎ በካትገት ቋጠረ፤ ከቋጠሮው በላይ ያለችውን ቁራጭ ቆርጦ አወጣ። ቀጥሎ የግራውን። ግማሽ ሰዓት አልሞላም።

ከሰዓት በኋላ ፍራሹ ላይ ሁለት ጊዜ አስመለሳት። ወደ ማታ ልትሄድ ስትነሳ ለሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሳ ነገርኳት። «ውሃውን ማን ይቀዳልኛል ታዲያ?» አለችኝ። ቅር ብሏት አይደለም፤ የምር ነው የጠየቀችኝ።

ሐኪሙ ዕቃውን ከመሰብሰቡ በፊት ዘወትር የሚጠይቃት ጥያቄ ነበረችው፤ «ወንድ አልተመዘገበም?» መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። የመዝገቡ የወንዶች ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነበር። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ እንዲህ አለን፦ «የሴቷ ቱቦ ያለው ሆድ ውስጥ ነው፤ በአንጀትና በፊኛ መካከል። የወንዱ ቧንቧ ከቆዳ ሥር ነው፤ ሳይቀደድ በእጅ ይዳሰሳል። ቀላሉ ደጅ ላይ እያለ እኛ ሆድ ስንከፍት እንውላለን።» ያለ ምላጭ የሚሠራውን ዘዴ ሊ ሹንቺያንግ የሚባሉ ቻይናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1974 ቾንግቺንግ ውስጥ እንደጀመሩትም የነገረን ያን ዕለት ነው። ወንዶቹ ቢላዋ ስለሚፈሩ ቢላዋውን አስቀሩላቸው።

በኋላ በሥራዬ ብዙ ሳነብ የሐኪሙን ንግግር ቁጥሩም ደገፈልኝ። ሁለቱም አስተማማኝ ናቸው፤ ይህ አያከራክርም። ግን እኩል አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ 10,685 ሴቶችን ለዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1996 ውጤቱ የወጣው ጥናት፣ ቱቧቸውን ካስቋጠሩ 1,000 ሴቶች በ10 ዓመት ውስጥ 18 ወይም 19 የሚሆኑት እንደሚያረግዙ አሳይቷል። ከእነዚያ እርግዝናዎች ከሦስት አንዱ ያህል ከማህፀን ውጭ ነበር፤ ሐኪም በሌለበት አገር ያ ማለት ደም ወደ ሆድ ፈስሶ መሞት ነው። ወንዱ ግን ቧንቧው ከተቆረጠና ዘሩ መጥፋቱ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ሚስቱ የማርገዟ ነገር ከ2,000 አንድ ቢሆን ነው። ሆድ አይከፈትም፣ አንጀት አይነካም፣ ቢከፋ ማበጥ፣ ደም መቋጠርና ማመርቀዝ ነው፤ ጥቂቶች ላይ የሚቆይ ሕመም ይተዋል። እንዲህም ሆኖ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መረጃ 219 ሚሊዮን ሴቶች ቱቧቸውን በማስቋጠር ይከላከሉ ነበር፤ በዓለም ላይ ከየትኛውም መከላከያ በላይ መሆኑ ነው። ከመከላከያ ተጠቃሚዎች ውስጥ የወንዱ ኦፕራሲዮን ድርሻ ከመቶ 2 አካባቢ ነበር። እኛ ዘንድ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡት ሴቶች 23 በመቶ መርፌ፣ 8 በመቶ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ይጠቀሙ ነበር፤ ቱቦ ያስቋጠሩት 1 በመቶ አይሞሉም፤ የወንዱ ሠንጠረዡ ላይ ዜሮ ሆኖ ይነበባል።

ያንን ዜሮ የሚያዩ ሰዎች «የሐበሻ ወንድ እሺ አይልም» ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። እሺና እንቢ ለማለት መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኛ ክፍል በሩ ላይ የእናቶችና ሕፃናት ተብሎ ተጽፎበታል። ሴቲቱ ለእርግዝና ክትትል ትመጣለች፣ ለመውለድ ትመጣለች፣ ልጇን ለማስከተብ ትመጣለች፤ በመጣች ቁጥር ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ትጠየቃለች። ባሏ በቅሎውን ይዞ ከዋርካው ሥር ይቆማል። ለእሱ የተዘጋጀ አግዳሚ ወንበር እንኳ የለም።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ አንድ ባልና ሚስት ናቸው።

ሴትዮዋ በልጅነቷ በያዛት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ ቫልቯ ተጎድቷል። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የምወጋት እኔ ነበርኩ። አምስት ልጆች አሏት። አምስተኛውን ስትወልድ ሳንባዋ ውሃ ሞልቶ ተቀምጣ ነው ያደረችው፤ ሪፈራል ሆስፒታል ያያት ሐኪም «ከእንግዲህ ብታረግዢ አትተርፊም» ብሏታል። የወሊድ መቆጣጠሪያው መርፌ ደም አበዛባት። የክንዱን አስገብታ በዚሁ ምክንያት አስወጣችው። በማህፀን የሚቀመጠውን ሉፕ ደግሞ ጎረቤቷ ወጥቶባት ስላረገዘች ፈራችው። በመጨረሻ «እንደ ሌሎቹ ቋጥሩኝና ልረፍ» ብላ ተመዘገበች።

ሐኪሙ ልቧን አዳምጦ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። «በዚህች ክፍል አልሠራሽም። ማደንዘዣ ባለሙያና ኦክስጅን ባለበት ቢሆንም ያሰጋሻል» አላት። ፊቷ ዳመነ። ከዚያ «ማን ነው ያመጣሽ?» ሲላት «ባለቤቴ። ውጭ ቆሟል» አለች። «ጥሪልኝ» አለኝ።

ሰውዬውን ለወራት ከደጅ አየዋለሁ፤ ገብቶ ግን አያውቅም። ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ ስለ ሚስቱ ልብ ከነገረው በኋላ «ኦፕራሲዮኑ ለእርስዎም ይሆናል። የእርስዎ ደግሞ ይቀላል» አለው። ሰውዬው አንዴ ሐኪሙን አንዴ እኔን አየ።

«ለወንድም አለ እንዴ? ማን ነገረኝ?»

ቀጥሎ የጠየቀው ሁሉም ወንድ የሚፈራውን ነው። «እኔ በሬ ቀጥቅጬ አውቃለሁ ዶክተር። የተቀጠቀጠ በሬ ላም አያይም፤ ይሰባል እንጂ። እኔንም እንደዚያ ልታደርጉኝ ነው?» ሐኪሙ አልሳቀም። «ሲቀጠቅጡት የሚደቁት ምኑን ነው?» ብሎ ጠየቀው። «ሥሩን ነዋ። ሥሩ ሲደቅ ደም ይቀርበትና ፍሬው ይሟሽሻል።» «ተባረኩ። እኛ ፍሬውን አንነካም፣ ደም የሚያደርሰውንም ሥር አንነካም። የወንድ ጉልበት ከፍሬው በደም ነው የሚሄደው፤ ያ እንዳለ ነው። የምንቆርጠው ዘር የሚወጣባትን ቀጭን ቧንቧ ብቻ ነው። ፈሳሹም አይቀርም፤ ዘሩ ከፈሳሹ ከመቶ አምስት እጅ አይሞላም። ዘሩን ደግሞ ሰውነት ራሱ መልሶ ይመጠዋል።» ብዙ ባለሙያ ሥዕል እያሳየ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፤ የዚያን ገበሬ ያህል የገባው ሰው አላየሁም። ዕድሜውን ሙሉ ከብት ያረባ ሰው ነው፤ የጎደለው የሚነግረው ብቻ ነበር።

እንቢ ያለችው ሚስቲቱ ነበረች። «እኔ እንደሁ ዛሬ ነገ የምሞት ነኝ። እሱ ሌላ ማግባቱ አይቀርም፤ ያኔ ልጅ ይፈልጋል። ለምን ይበላሻል?» አለች። ሰውዬው ዞሮ እንኳ አላያትም። «አንቺ ከሞትሽ እነዚህን አምስቱን የምታሳድግልኝ እንጂ የምትወልድልኝ አልፈልግም» አለ። ክፍሉ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ያን ዕለት አልሠራውም። «ኮንዶም ይዛችሁ ሂዱ፤ ወር ሙሉ አስቡበት። አንዴ ከተቆረጠ መመለስ የለም ብላችሁ ቁረጡ» ብሎ ሰደዳቸው። ይህን አዘግይቶ መሥራቱን በጣም አከብርለታለሁ። ፈቃድ የሚሰጥበት የፊርማ ወረቀት ለወግ የተቀመጠ አይደለም። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት፣ በአንድ ዓመት ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ወንዶች፣ ብዙዎቹ ተገደው ወይም ተደልለው ይህ ኦፕራሲዮን ተሠራባቸው። ሕዝቡ መሪዎቹን በምርጫ ቀጣቸው፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ አገር የወንዱን ነገር ደፍሮ የሚያነሳ ፖለቲከኛ ጥቂት ነው። ቢላዋው ወደ ሴቶቹ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ቻቲስጋር በሚባለው ግዛት 83 ሴቶች በአንድ ቀን በአንድ ሐኪም እጅ ተሠርተው ከደርዘን በላይ ሞተዋል። ኮታ ያለበት ቦታ ላይ የሰው ፈቃድ ይጠፋል።

በእኛም ዘንድ አንድ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ሴቲቱ ብቻዋን ስትመጣ «ባልሽ ያውቃል ወይ?» ትባላለች፤ ለራሷ አካል የራሷ ፊርማ እየበቃ ባሏን አምጪ ተብላ የተመለሰች አውቃለሁ። ሰውዬው በወሩ ተመልሶ ሲመጣ ግን «ሚስትህ ፈቅዳለች?» ያለው አልነበረም። እሷ ግን አጠገቡ ነበረች።

እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ። ያው አልጋ ነው፣ ያችው ክፍል ናት። ክፍሉን አሞቅንለት፤ ብርድ ሲሆን ቆለጥ ይሸሻል፣ ቧንቧው በእጅ አይገኝም። ሐኪሙ በሦስት ጣቱ ቧንቧውን ከቆዳው ሥር ለይቶ ያዘ፤ ሲዳሰስ የጠነከረ ሲባጎ ይመስላል። በቀጭን መርፌ ሊዶኬይን ወጋው፤ ያመመው ይህ ብቻ ነበር፤ ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ ጫፏ ቀለበት በሆነች መቆንጠጫ ቧንቧውን ያዘ፤ ጫፉ በሾለ ሌላ ዕቃ ቆዳውን በስቶ አሰፋው። ምላጭ የለም። ነጭ ክር የመሰለች ነገር ብቅ አለች፤ ቆረጣት፣ ሁለቱን ጫፍ ቋጠረ፣ አንደኛውን ጫፍ ቧንቧውን በሸፈነው ስስ ሽፋን ከልሎ መለሰው፤ እንዳይገናኙ። በዚያችው ቀዳዳ ሁለተኛውን። አልተሰፋም፤ ጎዝና ፕላስተር ነው የተደረገለት። ሐኪሙ ጓንቱን ሲያወልቅ ሰውዬው «ጀመራችሁ?» አለ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ተነስቶ ሱሪውን ታጥቆ በእግሩ ወጣ። ከእሱ በፊት የተሠራችው ሴት ገና ፍራሹ ላይ ነበረች።

በቅሎ እንዳይቀመጥ ከልክለነው ከተማው ውስጥ ዘመድ ዘንድ ሁለት ቀን አደረ። ሳምንት ሞፈር እንዳይነካ አልኩት። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ደጋግሜ ነገርኩት፦ ሴቷ ከዕለቱ ጀምሮ ትጠበቃለች፤ ወንዱ ግን ከቋጠሮው ወዲያ የቀረ ዘር ስላለ ለሦስት ወር ኮንዶም ግዴታ ነው፤ ከዚያ ምርመራ።

ደጋግሜ የነገርኩት በምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ከሌላ ወረዳ ባልና ሚስት መጥተው ነበር። ሰውዬው ሌላ ቦታ ከተሠራ ሁለት ወሩ ነው። ስለ ሦስቱ ወር የነገረው ሰው የለም፤ ሚስቱ አረገዘች። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ሴቲቱ በአመንዝራነት ተፈርዶባት ዓይኗ ሥር በልዞ ነው የመጣችው። የላቦራቶሪ ባለሙያችን ናሙናውን ማይክሮስኮፕ ሥር አደረገና ዝም ብሎ ሰውዬውን «ና እይ» አለው። ሰውዬው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አጎነበሰ። ዘሩ ይርመሰመሳል። ለረጅም ጊዜ አላነሳም ራሱን። ሲያነሳ ወደ ሚስቱ ሄዶ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። እሷ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደከተተች ቀረች። የአንድ ደቂቃ ምክር ስለጎደለ ያ ሁሉ ደረሰባት፤ የወንዱ ኦፕራሲዮን ከሴቷ የሚያንሰው በዚህ ብቻ ነው፤ ይህን ያልነገረ ባለሙያ ደግሞ ባይሠራው ይሻል ነበር።

ሁለቱም ላይ አንድ የሆነው ጉዳይ የማይመለስ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር እሠራ በነበረበት ጊዜ ድሮ የተቋጠረች ሴት መጣችብኝ። ሁለት ወንዶች ልጆቿን የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በልቷቸዋል፤ ጥቁር ለብሳለች። «የቋጠራችሁትን ፍቱልኝ» አለችኝ። መፍታት የሚሞከር ቢሆንም ረቂቅ ኦፕራሲዮን ነው፣ ብዙ ገንዘብ ነው፣ ውጤቱም እርግጠኛ አይደለም፤ ዕድሜዋም ገፍቷል። ይህን በምን ቃል ልንገራት? አብሬያት አለቀስኩ። ያው አሜሪካ የተደረገው ጥናት በ14 ዓመት ውስጥ የተጸጸቱትን ሲቆጥር፣ ከ30 ዓመት በኋላ ከተሠሩት ከመቶ ስድስት ያህል ሲሆኑ 30 ሳያልፉ ከተሠሩት ግን ከመቶ ሃያ ደርሰዋል። ስለዚህ ወጣት ባልና ሚስት ሲመጡብኝ፣ ሴትም ወንድም፣ የክንዱንና ሉፑን አስቀድሜ አወራለሁ። ልጅ በበሽታና በጥይት በሚሞትበት አገር ወላጅ ቢያመነታ አልፈርድበትም።

የልብ ሕመምተኛዋ ባል ሦስት ወሩ ሲሞላ ናሙናውን በጠርሙስ ይዞ መጣ፤ ዘር አልታየበትም። ውጤቱን በማኅተም አድርጌ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ምን ያደርግልዎታል ስለው «ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር እሷን ማንም እንዳይናገርብኝ» አለ። ያቺ የዓይኗ ሥር የበለዘው ሴት ትዝ አለችኝና ሁለት ማኅተም አደረግሁበት።

ሴትዮዋን ከዓመታት በኋላ ለልብ ክትትል ባሕር ዳር ስትመጣ አገኘኋት። ቀጥናለች፣ ግን በእግሯ ነው የመጣችው፤ ትንሹ ልጇ ሦስተኛ ክፍል ገብቷል። ወንዝ አብረዋት የሚወርዱ ጓደኞቿ «ባልሽን አስቀጠቀጥሽው» እያሉ እንደተሳለቁባት ነገረችኝ። ምን አልሻቸው ብላት «እሱ አንድ ቀን ታመመ። እኔ ባረግዝ ኖሮ ተዝካሬን በልታችሁ ረስታችሁኝ ነበር አልኳቸው» አለች። ከመካከላቸው ሁለቱ ቡድኑ የሚመጣበትን ቀን ጠይቀዋታል።